ወንዙ ያልወሰዳት ልጅ

ሰኔ 14 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለመንገድ መሪው፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በዚህ እንዳትቀየመኝ።

ወሬውን እንዴት እንደሰማሁ በመልእክተኛው በኩል ጠይቀኸኛል። ማክሰኞ ዕለት ነው። ሥራ ገብቼ ነበር። ከጫካው ይዤው የመጣሁት የእግሬ ቁስል ገና ስለነበር፣ የሆስፒታሉ ላውንደሪ ኃላፊ ከማጠቢያው አንስታ አንሶላ ማጠፍ ላይ አስቀምጣኛለች። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ጓደኛዬ ከወዲያ ጫፍ ይዛለች፣ እኔ ከወዲህ። እንደ ዘወትሯ አማቷን ታማልኛለች። «ጥርስ አጥታ እንጂ ብትነክሰኝ ደስታዋ ነበር» ስትለኝ እየሳቅሁ ቀና ስል የእናቴን ልጅ፣ ወንድሜን፣ በሩ ላይ አየሁት።

ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በሥራ ቀን ከተማ ውስጥ አይገኝም። ከኋላው የልጄ መሥሪያ ቤት መልእክተኛ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ይህ ሰው የልጄን ደብዳቤ ሲያመጣልኝ አንድም ቀን ባርኔጣውን አውልቆ አያውቅም። ያኔ ገባኝ።

«ወንዝ ስትሻገር ውሃ ወሰዳት፤ ፈልገው አላገኟትም» አለ መልእክተኛው። ወንድሜ ግድግዳውን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጓደኛዬ የአንሶላዋን ጫፍ አልለቀቀችም፤ እኔም አልለቀቅሁም። አጥፈን ጨረስናትና ከሌሎቹ ላይ ደረብኳት። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቁት ሌሎች ናቸው።

አሁን ቤቴ በሰው ሞልቷል። ይመጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ «አስከሬን ሳይታይ» ብለው ይንሾካሾካሉ፣ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አንዷ ጎረቤቴ «ማን ያውቃል፣ ሐረግ ይዛ ወጥታ ይሆናል» አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ሐረግ ይታየኛል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የትኛው ወንዝ ነው? ከእሷ ጋር ስንቱን ወንዝ ተሻግሬአለሁ። ገመድ ሳታስር እግሯን ውሃ ውስጥ አታገባም ነበር። አንተም ብትሆን በየርምጃው «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» እያልክ ስምህ ቀስበሉ ሆኖ ቀርቷል። ቀስበሉ ባለበት እንዴት ውሃ ይወስዳታል? ማን አየ? ምን አለች? ጠራችኝ? ሞታለች ብዬ ልቀመጥ ወይስ ልፈልጋት? ይህን በእውነት ንገረኝ፤ ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ትምህርቴ ጥቂት ነው። ፊደል በፊደል ነው የምጽፈው። የተንጋደደብህ ካለ ታገሰኝ።

እህትህ፣ ጦጢት የምትሏት ልጅ እናት


ሐምሌ 3 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ይድረስዎት። እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥዎት። ዝናቡ ጀልባዋን ይዟት ስለነበር መልሴ ዘገየ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ፊደልዎ አይጨነቁ። እኔ ራሴ ብዕር ከምይዝ ቢላዋ ይዤ ዛፍ ላይ ምልክት ብቀርጽ ይቀለኛል።

የትኛው ወንዝ ነው ላሉት፣ ትንሹ ነው፤ ከላይኛው ሰፈራችን በታች ያለው። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ከላይ ዝናብ ጥሎ ድንገት ሞላ። ውሃ ቶሎ ነው፣ እትዬ። ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ምን አለች ላሉት የምመልሰው የለኝም። አልተሠቃየችም፤ ይህን ይመኑኝ። ደግሞም አይፈልጓት። እኛ ፈልገን ጨርሰናል። ይቀመጡና ያልቅሱላት።

ባልደረቦቼ ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናሽ በልልን ብለዋል። ጀልባ ነጂው ጉረኛውም ሰላም ብሎዎታል። ያ «ይህ ወንዝ እኔን ሲያይ መንገድ ይለቃል» ይል የነበረ ሰው አሁን ሞተሩን አስነስቶ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም። ምግብ በተራ እናበስላለን። ከእርስዎ ወዲህ ወጥ ያለ ጨው ያቀረበ ሁሉ «እትዬ ጨው ታይሃለች» ይባላል። ይህን የጻፍኩት ላስቅዎት ብዬ ነበር፤ መልሼ ሳነበው ነውር መሰለኝ። ግን ሌላ ወረቀት የለኝምና አልቀደድኩትም።

ዕቃዋን በአንድ ጥቅል አድርጌ ልኬአለሁ። ልብሷን አጥበነዋል። እግርዎ እንዴት ሆነ? እንዳይደብቁኝ።

ታናሽ ወንድምዎ፣ መንገድ መሪው


ሐምሌ 26 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ጥቅሉ ደርሶኛል። ስለ እግሬ ጠይቀኸኛል፤ መግሉ ቆሟል፣ ጠርዙ መግጠም ጀምሯል። ምርኩዝ ይዤ እስከ ውጪው በር እሄዳለሁ። ሰው ሁሉ «እንኳን ተሻለሽ» ይለኛል። አሜን እላለሁ። አሜን እንዲህ የሚከብድ ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጥቅሉ ውስጥ ባስገባሃት ቁራጭ ካርቶን ላይ፣ መምጣቴ ይቆጨኝ እንደሆነ ጠይቀሃል። አይቆጨኝም። ልጄ የዛፍ ዘር ለሚያከማች መሥሪያ ቤት ስትሠራ ስንት ዓመቷ፤ እኔ ግን የምትውልበትን አላውቅም ነበር። «እማ፣ ዕድሜሽን ሙሉ የታመመ ሰው አንሶላ አየሽ፤ ነይ ደግሞ ጤነኛ ዛፍ እዪ» ብላ፣ ምግብ አብሳይ ይፈለጋል ብላ፣ ፈቃድ አስወስዳ አመጣችኝ። ጀልባዋ ከትልቁ ወንዝ ወጥታ ወደ ትንሹ ስትገባ፣ ዛፎቹ ከላይ ገጥመው ቀኑ ጨለመብኝ። «መሸ እንዴ?» ብላት «ጣሪያ ሥር ገብተን ነው» አለችኝ። እውነትም ጣሪያ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳ ከቅጠል ቅጠል እየተቀባበለ ሲንጠባጠብ ይውላል። ጨርቅ አይደርቅም። ጨው በዕቃው ውስጥ ይሟሟል፤ ለዚያ ነው አብዝቼ የጨመርኩት፤ እናንተ ግን ስም አወጣችሁልኝ።

ገመዷን ወገቧ ላይ አስራ ዛፍ ላይ ስትወጣ የመጀመሪያ ቀን ልቤ ቆሞ ነበር። ግንዱን ጥቂት እንደወጣች ቅጠሉ ይውጣታል። እኔ ድስቴን ትቼ አንገቴ እስኪደነዝዝ አንጋጥጣለሁ።

«አለሽ?» እላለሁ።

«አለሁ፣ እማ! ድስቱ አረረ!» ትለኛለች። እዚያ ላይ ሆና ይሸታታል።

ጦጢት ስትሏት ተቆጥቼ «ልጄን የእንስሳ ስም አታውጡላት» ስል፣ ጉረኛው «እትዬ፣ ጦጢት እኮ እዚህ ማዕረግ ነው፤ እኔን ከርከሮ ነው የሚሉኝ» አለኝ። ማታ ከአንድ ሸራ ሥር ተኝተን ከእግሬ ላይ አልቅት ስትለቅም «ይሄኛው ወፍሯል፣ እማ፤ ደምሽ ተስማምቶታል» ትለኝ ነበር። ካደገች ወዲህ እንደዚያ አጠገቤ ተኝታ አታውቅም።

እግሬ አብጦ ስትመልሱኝም ፍሬው የሚበስልበት ሳምንት ስለነበር እሷ መቅረቷ ግድ ሆነ። ጀልባው ማረፊያ ላይ የጉረኛውን ክንድ ይዛ «ለአጎቴ እጅ በእጅ ሳታስረክባት እንዳትመለስ። ክሊኒክ በር ላይ ጥለሃት ብትመጣ ከዛፍ ላይ ነው የምሰቅልህ» አለችው። ሰውዬው ቃሉን ጠብቋል። ወንድሜ መጥቶ እስኪረከበኝ ድረስ ከክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ሳይነሳ፣ ለነርሶቹ ጉራውን ሲነዛ ሰነበተ። ባይኖር ኖሮ በፍርሃት እሞት ነበር። አመሰግናለሁ በልልኝ።

አሁን ወደ ጥቅሉ ልምጣ። ሸሚዟን ገና ሳወጣው በእንጨት ጭስ ላይ እንደደረቀ አፍንጫዬ ነገረኝ። በግራ ጎኑ፣ ከብብቱ እስከ ታች፣ ቡኒ ሆኗል። ስንት ዓመት የሰው ደም አጥቤአለሁ፤ ይህ ደም ነው። ደም የሚለቀው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ካገኘው ይበስልና ከጨርቁ ጋር ይቀራል። እናንተ ለክብሯ ብላችሁ ውሃ አፍልታችሁላታል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ግን ወንድሜ፣ ውሃ የወሰዳት ልጅ ሸሚዟን ለማን አውልቃ ሄደች?

እህትህ


ነሐሴ 8 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። እግርዎ በመሻሉ ደስ ብሎኛል።

ሸሚዙን በተመለከተ፣ ከዚያ በፊት እንጨት ቧጭሯት ነበር፤ ቀይራው ነበር። እንዲህ ነው። ሌላ የለም።

እትዬ፣ እኔ ብዙ ቃል የማውቅ ሰው አይደለሁም። ልጅዎ የተናገረችውን እንዳከብርላት ይተዉኝ። እባክዎን ስለዚህ ነገር ደግመው አይጻፉልኝ። ስለ ጤናዎ ብቻ ይጻፉልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ


ነሐሴ 21 ቀን

ይድረስ ለመንገድ መሪው፣

ደህና ነህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጤናዬ ጻፊ ብለሃልና ጽፌአለሁ።

በመጀመሪያው ደብዳቤህ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አልነበራትም አልከኝ። በሁለተኛው ደግሞ የተናገረችው አለ ትላለህ። ውሃ የወሰደው ሰው አይናዘዝም። እኔ አንተን ውሸታም ብዬ አልሰድብህም፤ ያን ሁሉ መንገድ እጄን ይዘህ ያሻገርከኝ ሰው ነህ። ግን ዋሽተኸኛል።

አንተ ብቻም አይደለህም። ወንድሜ በየእሑዱ ይመጣል። ሳልጠራው። ጣሪያዬን ጠገነ፤ የውሃ ቧንቧዬን ጠገነ፤ የሚጠገን ሲያጣ ደህናውን ወንበር ፈትቶ መልሶ ገጠመው። ቁጭ በል ስለው አይቀመጥም። ከእጄ ውሃ አይቀበልም። ስለ ጫካው ማውራት ስጀምር ጥሎኝ ይወጣል።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አልኩት ባለፈው።

«ምን ሆንኩ?»

«የደበቅኸኝ ነገር አለ። እናታችን ስኳር ስትሰርቅባት የምታውቀው ፊት ነው ያለህ።»

«እኔ የማውቀው መኪና ብቻ ነው፣ እህት ዓለም። እሱም ከዳኝ» አለና መዶሻውን ይዞ ወጣ። ከውጪ ምንም ሲመታ አልሰማሁም።

ሁላችሁም የምታውቁት አንድ ነገር አለ፤ እናቷ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ለሰው ስሜት ተጠንቅቃችሁ ይሆናል። ግን እስቲ አስበው። እኔ አሁን እሷን ስፈልጋት ወዴት ልሂድ? ውሃ ውስጥ ስፈልጋት ሸሚዟ ይመልሰኛል። ጫካ ውስጥ ስፈልጋት ውሃ ወስዷታል ትሉኛላችሁ። ሰው ለቅሶ የሚያለቅሰው ወደ አንድ ወገን ዞሮ ነው። እኔ የምዞርበት ወገን የለኝም።

ሰው ገድሏት እንደሆነ ንገረኝ። አውሬ በልቷት እንደሆነ ንገረኝ። ራሷን ጎድታም እንደሆነ ንገረኝ። ሁሉንም አስቤዋለሁ፤ አንተ የምትነግረኝ እኔ ብቻዬን ካሰብኩት አይከፋም።

ካልነገርከኝ እግሬ እንደገጠመ እመጣለሁ። ጉረኛው ካላሳፈረኝ በወንዙ ዳር ጭቃ በጉልበቴ እሄዳለሁ። ታውቀኛለህ፤ ከማረፊያው በላይ ያለውን ዳገት በምርኩዝ የወጣሁ ሴት ነኝ።

የጦጢት እናት


መስከረም 5 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምታ የምጀምርበት አፍ የለኝም። እመጣለሁ ያሉትን አምኜዎታለሁ። እዚህ ድረስ መጥተው ከሰው አፍ ከሚሰሙት፣ ቤትዎ ሆነው ከእኔ ይስሙት። ብቻዎን ከሆኑ ጓደኛዎን ይጥሩና ከዚያ ያንብቡ።

ልጅዎን ወንዝ አልወሰዳትም።

እርስዎ በሄዱ በማግስቱ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣን። ከዛፍ ወርዳ፣ ገመዷን ፈትታ፣ ሥሩ ላይ ተቀምጣ ፍሬ ትለይ ነበር። ዝናቡ አቁሟል። ነፋስ እንኳ አልነበረም። እንግዳ ሰው ጫካ ሲገባ እባብ ይፈራል፤ እኛ የምንፈራው ከዝናብ በኋላ ያለውን ጸጥታ ነው። የደረቀ ቅርንጫፍ ውሃ ይጠጣና ይከብደዋል፤ ከዚያ ይወርዳል። ቀና ብላ ለማየት ጊዜ አላገኘችም። ጎኗን መታት። ሸሚዙ ላይ ያዩት ከቆዳዋ የፈሰሰው ነው። የባሰው ወደ ውስጥ የፈሰሰው ነበር።

ሬዲዮውን እርጥበት እንደገደለው ያውቃሉ፤ እርስዎ እያሉ ነው ዝም ያለው። የቀረችን ጀልባዋ ብቻ ነበረች። ቃሬዛ ሠርተን እየተፈራረቅን ወደ ማረፊያው አወረድናት። ጀልባዋ የምትመለስበት ቀን ስለነበር እንደርሳለን ብለን ነበር። ስንደርስ ማረፊያው ባዶ ነው።

እትዬ፣ ጉረኛው እርስዎ ዘንድ ነበር። ወንድምዎ ሊረከብዎት ሲመጣ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት ዘገየ። ጉረኛውም እጅ በእጅ ሳያስረክብ አልመለስ አለ። ይኸው ነው የደበቅንዎት።

ሸራ ወጥረን ጠበቅን። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም «ሞተር ነው?» ትለኛለች። «ነጎድጓድ ነው» እላታለሁ። በኋላ መጠየቅ ተወች። በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ «አጎቴ አልመጣ ብሎ ነው አይደል?» አለችኝ። ይሆናል አልኳት። ፈገግ አለች። «ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ጉረኛ ቢሆንም ቃል ይጠብቃል» አለች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «እማ ይህን እንዳትሰማ። ውሃ ወሰዳት በሏት። ውሃ ለወሰደው ማንም ጀልባ አይጠብቅም» አለችኝ። እናትሽ መቃብርሽን ትፈልጋለች ብላት «መቃብር ከማጣትና ጀልባዋን ከማወቅ፣ ጀልባዋ ናት የምትገድላት» አለችኝ። ማልኩላት። ጠርታዎት እንደሆነ ጠይቀውኛል። ጠርታዎታለች። ብዙ ጊዜ።

ሲነጋጋ አረፈች። ጀልባዋ የመጣችው ከቀብር በኋላ ነው። ጉረኛው ከወንዙ መታጠፊያ ጀምሮ ይዘፍን ነበር። ገና ከሩቅ «ጦጢት! እናትሽን እንደ እንቁላል አስረክቤያት መጣሁ!» ብሎ ጮኸ። ሞተሩን አጥፍቶ ፊታችንን አንድ በአንድ ያየበትን ዓይን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።

ለመሥሪያ ቤቱ እውነቱን ተናግሬአለሁ። መልእክተኛውን ግን ለእርስዎ ውሃ በልልን ብዬ ለመንኩት። ወንድምዎ ሁሉንም ያውቃል። እንዳትሰማ ያለው እሱም ነው።

ያረፈችው ከማረፊያው በላይ፣ ውሃ ቢሞላም የማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ሥሩ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ትልቅ ዛፍ አለ፤ በሁለት ክንፉ መካከል ናት። ጸሎት የሚያውቅ ስላልነበረን በየራሳችን የምናውቀውን አልንላት። አስከሬኗን ላውጣ ካሉ እናወጣዋለን። ይዘዙን።

መሐላዬን አፍርሻለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ፤ እዚህ ደብዳቤ የግል አይደለም። ጉረኛው ያመጣዋል፣ ማንበብ የሚችል ያነበዋል፣ የማይችል ይሰማል። የእርስዎ ደብዳቤዎች ማረፊያው መጠለያ ውስጥ ሁሉም ሰምቷቸዋል። የሚቀጥለውንም ይሰሙታል። ለብቻዬ የሚሉኝ ካለ በመልእክተኛው እጅ ይላኩት።

ታናሽ ወንድምዎ


ጥቅምት 17 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለመንገድ መሪው፣ ማረፊያው ላይ ላላችሁም ሁሉ፣

እንደምን ከረማችሁ? መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ለእናንተ አልጽፈውም።

ለብቻህ የምልክ የለኝም። ሁሉም ይስሙት።

እግሬ ድኗል። ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ወደ ማጠቢያው ተመልሼ እንደ ሰው ቆሜ እሠራለሁ። የዳነ እግር ማየት እንዲህ ያስጠላል ብሎ የነገረኝ የለም። ካልሲዬን ሳወልቅ ወደ ሌላ ወገን አያለሁ። ልጄ ይህን አውቃ ነው ውሃ በሏት ያለችው። አውቃኝ ነው። ግን እሷም አንድ ነገር ተሳስታለች፤ ጀልባዋን ማወቄ እኔን ይገድለኛል ብላ ነበር፤ አልገደለኝም። ይኸው እበላለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ ከጓደኛዬ ጋር አማቷን አማለሁ። ከዚህ የባሰ ምን እንዳለ አላውቅም።

ጉረኛው ይህን እየሰማህ እንደሆነ ስማኝ። ጥፋት የለብህም። ይህን የምልህ ዛሬ ከልቤ አምኜበት አይደለም። ስምህን ስሰማ ያ አግዳሚ ወንበር ይመጣብኛል፤ አንተ ስታወራ እኔ ስስቅ፣ ልጄ ደግሞ ነጎድጓድ ስታዳምጥ። አንድ ቀን አምንበታለሁ ብዬ ነው አስቀድሜ የምጽፍልህ። እስከዚያ ሰላምታ አትላክብኝ። መዝፈንህን ግን አትተው።

አስከሬኗን እናውጣ ወይ ላላችሁኝ፣ አታውጧት። ዳግመኛ በቃሬዛ አትሂድ፤ ዳግመኛ ጀልባ አትጠብቅ። እኔም አልመጣም። የምዞርበትን ወገን አውቄዋለሁ፤ ወደዚያ ዞሬ ተቀምጬ አልቅሼአለሁ።

ወንድሜ ባለፈው እሑድ መጣ። የበሩን ማጠፊያ ሊቀባ ዘይት ይዞ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሠራ አየሁት። ከስቷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። መኪናው ሲቆምበት ትቶት፣ በለመነው ሁሉ ተጭኖ፣ የቀረውን በእግሩ ክሊኒኩ ድረስ የመጣ ሰው ነው። ያኔ አቧራውን አራግፌለት «ምነው ዘገየህ» ብዬ ስቄበት ነበር። አሁን ብዙ ቃል አፌ ላይ መጣ። የትኛውንም ብናገረው ያ ሰው ከዚያ በር አይነሳም።

«አንተ» አልኩት።

«አቤት።»

«ውሃ መሆኑ ይሻላል እላለሁ። ቶሎ ነው። ማንንም አልጠበቀችም።»

እጁ ቆመ። ዘይቱ በጣቱ ላይ ወረደ። ሳይዞር «አዎ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ውሃ ቶሎ ነው» አለ።

«ና ብላ፤ ይቀዘቅዝብሃል።»

«መጣሁ፣ እህት ዓለም።»

ከእንግዲህ እንዲህ እንኖራለን። እኔ የማላውቅ ይመስለዋል፤ ይምሰለው። መልእክተኛው ወሬ እንዳያመላልስ አደራችሁን። ሁለት ሰው አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጦ አንዱ ለሌላው ሲዋሽ ቤቱ እንዴት ጸጥ እንደሚል ብታዩ ታዝኑልን ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ማንበብ ባትችሉም ቆማችሁ የምትሰሙ፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በዚያ የምታልፉ እኔ የማላውቃችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመጠለያው በላይ ክንፍ ካለው ዛፍ ሥር ልጄ አለች። ጸሎት አናውቅም አትበሉ፤ የምታውቁት ይበቃታል። ጀልባ ስትጠብቁ ሰው ብዙ ሥራ የለውም፤ ያኔ ስለ ነፍሷ ጸልዩላት። እግዚአብሔር ነፍሷን እንዲቀበላት፣ ሳያስጠብቅ እንዲቀበላት፣ ጸልዩላት።

እናቷ